የጓሮ ሜሎኔ አበባው ይረግፋል፣ ያፈራውም ጣዕም የለውም፤ ጥፋቱ ከምን ይሆን?

ጥያቄ ከ«ጀማሪ አትክልተኛ»

ጤና ይስጥልኝ፣ የጓሮ አትክልት ወዳጆች። 3 ሜትር በ2 ሜትር በሆነች መደብ ላይ ስድስት የሜሎን ችግኞች ከተከልሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። የተከልሁት ቆዳው መረብ የለበሰ የሚመስለውን፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነውን ዓይነት ነው። ችግኞቹ በደንብ ይዘው ሐረጋቸው መደቡን ሸፍኖ አጥሩ ሥር ደርሷል፤ ቅጠላቸውን ያየ ሰው ሁሉ ምርቱ እንደሚትረፈረፍ ይነግረኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አበባ ሲጀምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የፈነዳው አበባ አንድም ሳይቀር ረገፈ። ከዚያ በኋላ ሰባት ፍሬዎች ቢይዙም ሦስቱ የእንቁላል ያህል ካደጉ በኋላ ቢጫ ሆነው ጨመደዱ፤ ሁለቱ ደግሞ አፈር በነካው ጎናቸው በኩል በሰበሱ። ስድስተኛውን የደረሰ መስሎኝ ቆርጬ ብቀምሰው ውሃ ውሃ የሚል፣ ዓይንን ጨፍነው ቢበሉት ከኪያር የማይለይ ነገር ሆኖ አገኘሁት። አሁን ሐረጉ ላይ የቀረችኝ አንዲት ፍሬ ብቻ ናት።

አንድ ጎረቤቴ ጥፋቱ ከመደቡ አጠገብ የተከልሁት የኪያርና የዝኩኒ እንደሆነ፣ ሜሎኑ ከእነርሱ ጋር ተዳቅሎ ጣዕሙ እንደተበላሸ ነግረውኛል። ኪያሩን ልንቀለው ወይስ ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን? አበባውስ የሚረግፈው ለምንድን ነው? የቀረችኝን ፍሬ እንኳ በወጉ እንድበላት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ ከ«ማለዳ ተነሺ»

ስለ አበባው እኔ ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መርገፍ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሜሎን አስቀድሞ የሚያወጣው ወንዴ አበባ ብቻ ስለሆነ እነዚያ አበቦች ቀድሞውንም ፍሬ ሊይዙ አይችሉም ነበር። ፍሬ የሚይዙት አበቦች የሚመጡት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚወጡትም በዋናው ሐረግ ላይ ሳይሆን ከእርሱ በተነሡት የጎን ቅርንጫፎች ላይ ነው። ለመለየት ከአበባው ሥር መመልከት ይበቃል። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ነው፤ ፍሬ ሰጪው ግን ከቢጫው አበባ ሥር ለስላሳ ጠጉር የለበሰች፣ ባቄላ የምታህል አረንጓዴ እብጠት አለችው። ያቺ እብጠት ናት በኋላ ሜሎን የምትሆነው።

እንቁላል አህለው የጨመደዱት ሦስቱ ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል። የሜሎን ብናኝ ከባድና ተጣባቂ በመሆኑ ነፋስ አያጓጉዘውም፤ የግድ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ያስፈልገዋል። ፍሬ የሚሰጠው አበባ የሚፈነዳው ለአንድ ቀን፣ ያውም በተለይ ጠዋት ስለሆነ በዚያች ጠባብ ጊዜ ንቧ አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ መሄዷ አይበቃም፤ ደጋግማ መመላለስ አለባት። ብናኙ በበቂ መጠን ካልደረሰ ፍሬው ይጀምርና ይተወዋል፣ ወይም በአንድ ጎኑ ብቻ አብጦ ጠማማ ይሆናል። ጠማማ ፍሬ ቢያጋጥምዎ ሁለት ቦታ ሰንጥቀው ይመልከቱት፤ በከሳው ጎን ያሉት ዘሮች ጠፍጣፋና ባዶ ሆነው ያገኟቸዋል።

ንብ የማይበዛበት ጓሮ ከሆነ በእጅ ማራከብ ይቻላል። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በዚያው ዕለት የፈነዳ ወንዴ አበባ እቆርጥና ቢጫ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገልጬ እገነጥላቸዋለሁ፤ መካከል ላይ የቀረውን ብናኝ ያዘለ እምብርት በፍሬ ሰጪው አበባ ውስጥ ባለው ተጣባቂ ጉብታ ላይ ዙሪያውን ቀስ አድርጌ እቀባዋለሁ። ለአንድ ፍሬ ሰጪ ሁለት ወይም ሦስት ወንዴ እጠቀማለሁ። ከተሳካ እብጠቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓይን እየታየች ታድጋለች፤ ካልተሳካ ቢጫ ሆና በራሷ ትወድቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅጠሉን ያየ ሁሉ እንዳደነቀ ጽፈዋል። ናይትሮጅን የበዛለት ሜሎን ሐረግና ቅጠል ማብዛቱን ስለሚቀጥል ፍሬ ሰጪ አበቦቹ ይዘገያሉ፣ ቁጥራቸውም ያንሳል። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ይሰጡት ነበር?

መልስ ከ«የድሮ አትክልተኛ»

እኔ በጎረቤትዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ሜሎንና ኪያር ጎን ለጎን ዘርቼ፣ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ግሩም ከመሆኑ የተነሣ ዘሩን አድርቄ አስቀመጥሁ። በተከታዩ ዓመት ያንኑ ዘር ዘርቼ ያገኘሁት ፍሬ መልኩም ጣዕሙም የተለየ፣ ስኳር የሚባል ነገር የሌለበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በአንድ ጓሮ አብሬ ተክዬ አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚናገረው ነገር ያለ ምክንያት አይመጣምና ኪያሩን ቢያርቁት ይሻላል እላለሁ።

መልስ ከ«ዘር ሰብሳቢ»

የድሮ አትክልተኛን በሙሉ አክብሮት ልቃወማቸው ነው፤ ያዩትን ነገር አልጠራጠርም፣ የሰጡት ምክንያት ግን ትክክል አይመስለኝም።

ሜሎንና ኪያር የአንድ ቤተሰብ አባላት፣ እንዲያውም የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም በጓሮ ውስጥ አይዳቀሉም። የኪያር ክሮሞሶም 14 ሲሆን የሜሎን 24 ነው፤ ንብ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ብታደርስም ፍሬ አይያዝም። ዝኩኒና ዱባ ደግሞ ከዚህም የራቁ፣ 40 ክሮሞሶም ያላቸው ናቸው። ሐብሐብም ከሜሎን ጋር አይዳቀልም። ስለዚህ ጠያቂው ኪያሩን ቢነቅሉ የሚያጡት ኪያራቸውን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ሌላ ነው። መዳቀል ቢኖር እንኳ የዘንድሮውን ፍሬ ጣዕም አይለውጠውም። የምንበላው ሥጋ የሚሠራው ከእናቲቱ ተክል አካል ስለሆነ፣ ከየትም የመጣ ብናኝ የሚታየው በዘሩ ውስጥ ነው፤ ውጤቱም የሚገለጠው ያ ዘር ተዘርቶ በቀጣዩ ወቅት ሲያፈራ ነው። የድሮ አትክልተኛ ያዩትም ይኸው ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ኪያር አጠገቡ እያለ ግሩም ነበር ብለዋል፤ የተበላሸው ከዘሩ የበቀለው ነው። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የሜሎን ዓይነቶች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ስለሚዳቀሉ፣ በአቅራቢያዎ ሌላ ዓይነት ሜሎን የዘራ ሰው ኖሮ ንብ ብናኙን አምጥታ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ዘር ራሱ ከሁለት የተመረጡ ወላጆች የተገኘ ድቅል ከነበረ፣ ከእርሱ የሚገኘው ዘር እንደ እናቱ አይሆንም፤ አንዱ ተክል ወደ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሌላ አያቱ ይሄዳል። ድቅል ዘር በእሽጉ ላይ ስለሚጻፍ ዘር ለማስቀመጥ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ጠያቂው ለገጠማቸው ውሃ ውሃ ማለት ግን ምክንያቱን ከአስተዳደጉ መፈለግ ያለብን ይመስለኛል። ምን ያህል ያጠጡ ነበር? ፍሬውንስ የቆረጡት ምን ምልክት አይተው ነው?

ማብራሪያ ከ«ጀማሪ አትክልተኛ»

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ኪያሩ ከመነቀል ተርፏል።

የተጠየቅሁትን ልመልስ። ከመትከሌ በፊት የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ የተበጠበጠ የዶሮ ኩስ እየሰጠሁት ነበር። ውሃ በየቀኑ ማታ ማታ በጎማ ከላይ እረጫለሁ፤ አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ፍሬው መጠኑ ትልቅ ስለነበረ ደርሷል ብዬ ነው የቆረጥሁት፤ ሐረጉ እንቢ ስላለኝ በቢላዋ ነው ያላቀቅሁት። ደግሞም ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቅጠሎቹ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ጀመር። እኔም ፀሐይ ፍሬዎቹን አግኝታ እንድታጣፍጣቸው፣ ነጭ የሆኑትንም እግረ መንገዴን ለማስወገድ ብዬ በፍሬዎቹ ዙሪያ ያሉትን ቅጠሎች ቆርጬ አንሥቻለሁ። ከጠቅላላው ቅጠል ግማሽ ያህሉ ሳይሄድ አልቀረም።

መልስ ከ«አፈር አገላባጭ»

እዚህ ላይ ደረስን። ጥፋቱ ያለው በመጨረሻው አንቀጽዎ ውስጥ ነው፤ ውሃውና የዶሮ ኩሱ ረድተውታል እንጂ ዋናዎቹ አይደሉም።

ሜሎንን የምታጣፍጠው ፀሐይ መሆኗ እውነት ነው፤ የምታጣፍጠው ግን ፍሬው ላይ በማረፍ አይደለም። ስኳር የሚሠራው በቅጠሉ ውስጥ ሲሆን በሐረጉ በኩል ተጉዞ ወደ ፍሬው ይገባል። ፍሬው ራሱ ጥላ ውስጥ ቢውል ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ቅጠል የተገፈፈለት ፍሬ በጠራራ ፀሐይ ቆዳው ይጠበስና ነጣ ያለ፣ ኋላም የሚበሰብስ ጠባሳ ያወጣል። ሜሎን መጀመሪያ የሚያድገው በመጠን ነው፤ ስኳሩ በብዛት የሚጠራቀመው ወደ መጨረሻ፣ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው። እርስዎ ቅጠሉን የቀነሱት ልክ ቅጠሉ ከሁሉም ጊዜ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ይህ የብዙ ጀማሪዎች ስህተት ስለሆነ አይሸማቀቁ፤ እኔም ለቲማቲም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ።

ዱቄት የመሰለው ነገር የሻጋታ በሽታ ነው። ብዙዎቹ የሻጋታ በሽታዎች የሚስፋፉት ቅጠል ሲርስ ነው፤ ይህኛው ግን ቅጠሉ ደረቅ ሆኖም ይስፋፋል። የሚወደው መተፋፈግና ጥላ ነው። በ6 ካሬ ሜትር ላይ ስድስት ሐረግ በመሬት ላይ እንዲንፏቀቅ መተው ለበሽታው ምቹ ቤት መሥራት ይሆናል። መሬት ላይ ለሚሄድ ሜሎን በተክልና በተክል መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በረድፍና በረድፍ መካከል ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ለእርስዎ መደብ ሦስት ተክል በቂ ነበር። ቦታ የሚያንስ ከሆነ ሐረጉን በቋሚ ድጋፍ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ፍሬ በጨርቅ እንደ አንቀልባ አዝሎ ከድጋፉ ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በክብደቱ ሐረጉን ይገነጥለዋል። በሽታው ገና ሲጀምር ከሥር ያሉትን አንድ ሁለት የታመሙ አሮጌ ቅጠሎች ማንሣት ተገቢ ነው፤ ግማሹን መግፈፍ ግን ከበሽታው የባሰ ጉዳት ነው። ድኝ መርጨት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ይጠቅማል፤ ሆኖም አንዳንድ የሜሎን ዓይነቶች በተለይ በሙቀት ጊዜ ድኝ ቅጠላቸውን ስለሚያቃጥለው መጀመሪያ በአንዲት ቅጠል ላይ ሞክሮ ማየት ይገባል።

ወደ ውሃው እንምጣ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ሰነፍ ያደርገዋል፤ ውሃ ላይ ላዩን ስለሚያገኝ ወደ ታች አይወርድም፣ አንድ ቀን ሲዘገይበትም ይጠወልጋል። የሚሻለው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ እንደሚይዘው ውሃ መጠን፣ ሥሩ ድረስ የሚሰርግ ውሃ ከሥሩ ዙሪያ ማፍሰስ ነው። በጠቅላላው በሳምንት ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ መደቡን ቢሸፍን የሚሆነውን ያህል ይበቃል። ጣትዎን አፈር ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱ፤ እርጥበት ካለ ለዛሬ ይተዉት። በቀትር ቅጠሉ ትንሽ ቢዝለፈለፍ ወዲያው ጎማ ይዘው አይሩጡ፤ ሲመሽ ከተነሣ ውሃ አልጠማውም፤ ጠዋትም እንደተዝለፈለፈ ካገኙት ግን ጠምቶታል። ፍሬው ሙሉ መጠኑን ከያዘ በኋላ ውሃውን መቀነስ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ የሚጠጣው ትርፍ ውሃ ስኳሩን ያቀጥነዋል፤ ከደረቅ ሰሞን በኋላ በድንገት ከመጣ ደግሞ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል።

የዶሮ ኩሱን በተመለከተ ማለዳ ተነሺ የገመቱት ልክ ነው፤ በናይትሮጅን የበለጸገ ነገር ነው። ሐረጉ እስኪዘረጋ ድረስ ይጠቅማል፤ አበባ ከጀመረ በኋላ ግን ያቁሙት።

በሥራቸው የበሰበሱት ሁለቱ ፍሬዎች ደግሞ በየማታው እርጥብ አፈር ላይ ስላደሩ ነው። ፍሬው የብርቱካን ያህል ሲሆን ከሥሩ ደረቅ ገለባ መጎዝጎዝ ወይም አንድ ቁራጭ ሸክላ ማስገባት ይህን ያስቀረዋል። ለቀረችዎ ፍሬ ዛሬውኑ ያድርጉላት፤ ሲያነሧት ግን አያዙሯት፤ ዘንጓ ይጠመዘዛል።

መልስ ከ«ማለዳ ተነሺ»

በአፈር አገላባጭ ሐሳብ ላይ ስለ ፍሬ ብዛት አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ተክል ቅጠል አጣፍጦ የሚያሳድገው ፍሬ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። እኔ በአንድ ተክል ላይ ከሁለት እስከ አራት ፍሬ ብቻ አስቀርቼ የቀሩትን ገና በሕፃንነታቸው አነሣቸዋለሁ። አንጀት አያስችልም፣ ግን ስምንት ውሃ ውሃ የሚሉ ሜሎኖች ከሚኖሩኝ ሦስት ጣፋጮች ይሻሉኛል። ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ የዋናውን ሐረግ ጫፍ የምቀነጥበውም የጎን ቅርንጫፎች ቶሎ እንዲወጡና ፍሬ ሰጪ አበቦች እንዳይዘገዩ ብዬ ነው።

መልስ ከ«ዘር ሰብሳቢ»

ሁላችንም ሳንናገረው ያለፍነው፣ ጠያቂው ግን ሳያስቡት የነገሩን ነገር አለ። «ሐረጉ እንቢ ስላለኝ በቢላዋ ነው ያላቀቅሁት» ብለዋል። መረብ የለበሰ ሜሎን በቢላዋ የሚላቀቅ ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው።

ይህ ዓይነት ሜሎን ሲደርስ ራሱ ይናገራል። ዘንጉ ፍሬውን በሚነካበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ቀጭን ስንጥቅ እንደ ቀለበት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል መስመር ናት፣ በአንድ ጎን ትጀምርና ቀስ በቀስ ትዞራለች። ቀለበቱ ሲገጥም አውራ ጣትን በዘንጉ ላይ አድርጎ ትንሽ መግፋት ብቻ ይበቃል፤ ፍሬው እጅ ላይ ይቀራል። ከመረቡ ሥር ያለው የቆዳው መደብም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ ከዘንጉ ተቃራኒ ባለው፣ አበባው ረግፎ ጠባሳ በተወበት እምብርት በኩል ሲያሸቱትም ሽታው ያውዳል። ቆዳቸው ለስላሳ የሆነ፣ እንደ ሃኒዲው ያሉት ዓይነቶች ግን ቀለበት ስለማያሳዩ ቆዳቸው ወደ ክሬም ቀለም ሲሄድና ሲዳስሱት ሰም የተቀባ ሲመስል በቢላዋ ይቆረጣሉ። ሐብሐብም እንዲሁ በቢላዋ የሚቆረጥ ነው፤ ምልክቱ ለፍሬው የቀረበው የሐረጉ ጥምዝምዝ ክር መድረቁና መሬት የነካው ጎኑ ቢጫ መሆኑ ነው።

ቀድሞ ቆርጦ ቤት ውስጥ ማቆየት አይረዳም። ሙዝ ስታርች አከማችቶ ስለሚቆረጥ ቤት ውስጥ ይጣፍጣል፤ ሜሎን ግን ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ስለማያከማች ከሐረጉ ከተለየ በኋላ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይጨምራል፣ ስኳሩ ግን በዚያው ይቆማል። አበባው ከያዘ በኋላ እስኪደርስ በአብዛኛው ከ35 እስከ 45 ቀን ስለሚፈጅ ፍሬ የያዘበትን ቀን መጻፍ ከመገመት ያድናል።

መልስ ከ«የድሮ አትክልተኛ»

የዘር ሰብሳቢን ማብራሪያ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ያን ጊዜ አጥሩን ተሻግሮ የሚኖር ሰው ቆዳው ለስላሳ የሆነ ሌላ ሜሎን ይተክል እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ፤ ለዚህ ሁሉ ዓመት ኪያርን ያለ ኃጢአቱ ስከስሰው ኖሬአለሁ ማለት ነው። ጠያቂው ምክሬን ይተዉት።

ማብራሪያ ከ«ጀማሪ አትክልተኛ»

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሼ የሆነውን ልንገራችሁ። ማጠጣቱን ወደ ሳምንት አንድ ጊዜ አወረድሁት፣ ከቀረችው ፍሬ ሥር ሸክላ አስገባሁ፣ የቀሩትን ቅጠሎች አልነካሁም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት በአጉሊ መነጽር ስመለከት ዘንጓ ሥር የተባለችው መስመር በአንድ ጎን ታይታ ነበር፤ እጄን ይዤ ተውኋት። ትናንት ቀለበቱ ገጥሞ ስለነበር በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርጋት ያለ ምንም ትግል ተለቀቀች።

ቅጠሏ አስቀድሞ በመገፈፉ እንደ ማር ናት ልል አልችልም። ሆኖም ከመጀመሪያው ፍሬ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በእምብርቷ በኩል ያለው ወገን በእውነት ጣፋጭ ነበር፣ በዘንጉ በኩል ያለው ግን ቀለል ይላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ተክል ብቻ፣ በድጋፍ ላይ እተክላለሁ። ዘሯን ለማስቀመጥ አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ የመጀመሪያውን እሽግ ፈልጌ ባነበው ድቅል መሆኑ ተጽፎበት ስላገኘሁት ተውሁት።